ከስድቡ የትኛው ነው ፍሬኑ?

ሾፌሩን ሰው ሁሉ መብረቅ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከትራፊክ ፖሊስ በቀር የሚያነበው የለም። መብረቅ የተባለው ስለሚጮኽ ነው። ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ከዘበኛው ይጀምራል፣ በረዳቱ ይቀጥላል፣ መካኒኮቹ ላይ ያሳርጋል። ሦስት ሰዓት ላይ ሰባት ቁጥርን፣ ያችን ያረጀች መለስተኛ አውቶቡሱን፣ አስነስቶ ሲወጣ ግቢው በሙሉ እፎይ ይላል። ዕድሜው ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት መሪ ጨብጦ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን «መብረቅ ተቆጣ» ያልተባለበት ቀን የለም፤ «መብረቅ ፈራ» የተባለበት ቀን ግን አንድም አልነበረም። እሱም በዚህ ይኮራል። ይህ ኩራቱ ሰው ሊፈጅ አንድ ሐሙስ እንደቀረው የሚነግረው ሰው እስከዚያ ሰኞ ድረስ አላገኘም ነበር።

በዚያ ሰኞ ከሁለት ሰዓት በፊት ግቢ ሲገባ ሰባት ቁጥር ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተው አየ። ቱግ አለ። ሳያስፈቅዱት መኪናውን የሚነካ ሰው አይወድም። የአንዱን ጫማ ጫፍ በእግሩ መታ መታ አድርጎ ማን እንዳዘዘው፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዓይን አለው ወይስ የለውም፣ ሌላም ሌላም ጠየቀ፤ መልስ እንደማይጠብቅ ድምፁ ያስታውቃል።

«እንደምን አደሩ አጎቴ» አለው ከመኪናው ሥር የወጣ የሴት ድምፅ።

ተከትላ ራሷ ወጣች። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር ዘይት ተለቅልቋል፣ በእጇ የእጅ ባትሪ ይዛለች። የእህቱ ልጅ ናት። ከቴክኒክ ኮሌጅ መመረቋን ሰምቷል፤ የት እንደተቀጠረች ግን አልሰማም፣ ምክንያቱም ከእናቷ ጋር ተኳርፎ አምስት ወር ሙሉ ቤታቸውን አልረገጠም። ለካ ልጅቱ ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ጋራዥ የፍሬን መርማሪ ሆና ገብታለች።

መብረቅ መደንገጡን ሊደብቅ ሲል ይበልጥ ጮኸ። ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው ወይ፣ እናትሽ ይህን ታውቃለች ወይ፣ መኪናውን ማን ንኪ አለሽ አላት፤ በመጨረሻም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ነገሩን በተረት ዘጋው። ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አስጨረሰችው።

«ከጨረሱ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ፍሬኑ እንዴት ነው?»

ፍሬን ፍሬን ነው፣ ምን ይሆናል ብሎ መለሰላት፤ ዓይኑ ግን ከዓይኗ ሸሸ። እሷም ያየችውን ነገረችው። ሰባት ቁጥር ያደረችበት መሬት ረጥቧል፤ ያረጠበው የፍሬን ዘይት ነው፤ የሚያፈሰው በግራ የኋላ ጎማ በኩል ነው። ዘይቱ ማፍሰሱን መካኒክ ያያል፤ መንገድ ላይ ፔዳሉ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ግን እግሩን ካሳረፈበት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ለጋራዡ አለቃ ብትነግረው «ዘይት ጨምሪበትና ልቀቂው» ብሏታል። እሷ ገና በሙከራ ላይ ስለሆነች ፊርማዋ መኪና አያስቆምም። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መኪና የሚያስቆም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ራሱ በአፉ «ይህን መኪና መንዳት ያስፈራኛል» ብሎ ሲያስመዘግብ። ሃያ ስምንት ሰው ትኬት ቆርጦ የሦስት ሰዓቱን ጉዞ ይጠብቃል። የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ መጨረሻው ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አለው፤ በአንድ ወገን ገደል ነው።

መብረቅ «ያስፈራኛል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላ ሰው እንዳልሰማ ዙሪያውን ቃኘ።

እዚህ ላይ ስለ ሻሹ መናገር ግድ ነው፤ የምንናገረውም እየተናደድን ነው። በስምሪት ክፍሉ በር አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ ቀይ የሴት ሻሽ ተንጠልጥሏል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። «ፈራሁ» ያለ ሾፌር ይህ ሻሽ መሪው ላይ ይታሰርለታል፤ ቀኑን ሙሉ እንደታሰረ ይነዳል፤ በየመናኸሪያው የሥራ ባልደረቦቹ ጥሩምባ እየነፉ «እሜቴ ደህና ዋሉ?» ይሉታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የታሰረው አራት ጊዜ ብቻ ነው። አምስተኛ አላስፈለገም። ሾፌሮቹ መፍራት የተዉ ግን እንዳይመስላችሁ፤ የፍርሃታቸውን ስም ለወጡት እንጂ። ጎማው ያለቀበት ረዳቱን ይሰድባል። መሪው የሚጎትተው ዘበኛው በር ሲከፍት ዘገየ ብሎ ይራገማል። መብራቱ የሚጠፋበት ሚስቱን አስለቅሶ ከቤት ይወጣል። የሚያሳዝነው፣ አይደለም፣ የሚያናድደው፣ ከጊዜ ብዛት የእውነት የተቆጡ እየመሰላቸው ራሳቸውም ማመናቸው ነው።

ልጅቱ አጎቷን በአክብሮት ወደ ዕቃ ቤቱ አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ቁልፎቹና ክሪኮቹ በተደረደሩበት መሀል አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠችውና አንድ ወፍራም መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች።

«ይህ የአለቃው መዝገብ ነው» አለችው። «ሾፌር ስለ መኪናው የተናገረው ይጻፍበታል። ያለፈውን ሳምንት የእርስዎን ላንብብልዎት? ሰኞ፣ ተቆጣ። ማክሰኞ፣ ተቆጣ። ረቡዕ፣ ስለ መስታወት ተቆጣ። ሐሙስ፣ ተቆጣ፣ ረዳቱን ሰደበ። ዓርብ፣ ተቆጣ። ቅዳሜ፣ በጣም ተቆጣ። ወሩን ሙሉ ይኸው ነው። እኔ መካኒክ ነኝ አጎቴ። ከዚህ ሁሉ ስድብ የትኛው ነው ፍሬኑ?»

መብረቅ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው።

«ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም» አለ። «አባቴ ቁጡ ነበር፤ አያቴም እንደዚያው ነበር ይሉኛል። ደም ነው ልጄ። ደም ደግሞ በትምህርት አይለወጥም።»

«ዓርብ ዕለት መናኸሪያው በር ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞዎት ነበር» አለች። «እኔ ሰላም ልልዎት እየመጣሁ ነበር። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፤ ባላጠፉት ጥፋት ሲያመናጭቅዎት ሁለት ጊዜ 'እሺ ጌታዬ' አሉት። አሥር እርምጃ ሳይርቁ ረዳቱን በጥፊ ሊሉት እጅዎን አነሱ። ያኔ እኔም ሰላምታዬን ይዤ ተመለስኩ። ደምዎ ሰው እየመረጠ ነው እንዴ የሚፈላው?»

«ፖሊስ ሕግ ነው፤ ሕግ ይከበራል።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። በማን ላይ መቆጣት እንደሚቻል፣ በማን ላይ እንደማይቻል ደም ከየት ያውቃል? ይህን የሚያስተምር ሰው ነው።»

መብረቅ እንደ ልማዱ ጮኸ። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ አዋቂ እየሆነ አስቸገረን አለ፤ ሰው እንደተፈጠረ ነው የሚኖረው አለ፤ ፈሪ ፈሪ ሆኖ፣ ደፋርም ደፋር ሆኖ ይወለዳል፣ ያልተሰጠን ማን ያመጣል አለ። ልጅቱ ይህንንም አስጨረሰችው። ትዕግሥቷ እያለቀ እንደሆነ ግን የመዝገቡን ጠርዝ በጨበጠችበት እጇ ያስታውቅ ነበር።

«እናቴና እርስዎ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናችሁ» አለች። «ቁጣው ደም ከሆነ የእናቴ የት ገባ? ስትቆጣ አይተዋት ያውቃሉ?»

«እሷማ አልቃሻ ናት።»

«አልቃሻ አይደለችም። እናቴ የምታለቅሰው ስትናደድ ነው። አምስት ወር ሆነ፣ የተጣላችሁ ዕለት እንባዋን አይተው 'ደግሞ ሆዷ ባሰ' ብለው ወጡ። ሆዷ አልባሰም። ተናድዳ ነበር። ልጅ ሳለች በተቆጣች ቁጥር 'ሴት ልጅ ፊቷን አታጠቁርም፣ ሂጂ ተጣጠቢ' ይሏት እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። እርስዎንስ? ልጅ ሆነው ሲፈሩ ምን ይሉዎት ነበር?»

የመብረቅ ፊት በራ። ስድስት ዓመቱ ሳለ የጎረቤት ውሻ አስደንግጦት እያለቀሰ ቤት መግባቱን፣ አባቱ ዱላ አስይዘው «ሳትመታው እንዳትመለስ» ብለው መልሰው ማስወጣታቸውን፣ ሄዶ መምታቱን፣ ሲመለስ አባቱ ትከሻቸው ላይ አውጥተው በሰፈሩ ማዞራቸውን ተረከላት። አባቱ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ትከሻቸው ላይ አውጥተውት አያውቁም። ይህን ታሪክ በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንዳወራው አይታወቅም። ዛሬ ግን የልጅቱ ዓይን ላዩ ላይ እንደተተከለ ነውና ሁልጊዜ የሚያቆምበት ቦታ ሲደርስ ማቆም አቃተው።

«ውሻው ታስሮ ነበር» አለ።

«ያኔ ነው የተማሩት» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲፈሩ የሚያቅፍዎት ሰው የለም፤ ሲመቱ ግን ትከሻ አለ። የሰው ልጅ ሲወለድ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሆዱ ይጨነቃል፤ ይህን ማንም ይዞት ይመጣል። ይህኛው ፍርሃት ነው፣ ያኛው ቁጣ ነው፤ ይህኛው ያስከብራል፣ ያኛው ያሳፍራል እያለ የሚለይለት ያሳደገው ሰው ነው። አንድ ቤት ሁለት ልጅ አሳደገ። ከአንዷ ቁጣዋን ቀማት፣ ከአንዱ ፍርሃቱን። እሷ ስትነድ እንባ ይወጣታል፤ እርስዎ ሲርዱ ስድብ ይወጣዎታል።»

መብረቅ ከጎማው ላይ ብድግ አለ። ፊቱ ደም ለበሰ። አባቱ የሞቱ ሰው እንደሆኑ፣ የሞተ ሰው እንደማይነካ፣ ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ለቅሞ እንደሚሄድ ነገራት። ልጅቱም ተነሣች፤ ከእሱ በአንድ ክንድ ታጥራለች፣ ግን ወደ ኋላ አላለችም።

«እኔም ተቆጥቻለሁ» አለችው። «እናቴ ብትሆን አሁን ታለቅስ ነበር። እኔ አላለቅስም፤ የተቆጣሁበትን ነገር እነግርዎታለሁ። ፍሬኑ እያፈሰሰ መሆኑን አለቃው ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሦስት አዋቂ ሰዎች አንዲት ቃል አፍረን ሃያ ስምንት ሰው ወደ ገደል ልንሰድ ነው። የተቆጣሁት በዚህ ነው። እርስዎስ? የእርስዎ ቁጣ በምንድን ነው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆጣ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሰዎች ወይ ይሸሹታል፣ ወይ ይስቁበታል፣ ወይ አለቃው እንደሚያደርገው ይጽፉታል። መብረቅ አፉን ከፈተ፤ ዘበኛው፣ ረዳቱ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም በአፉ ደጃፍ ተሰለፉ፤ አንዱም ግን እውነት ሆኖ አልወጣ አለው።

«ሾፌር ከፈራ ተሳፋሪ ይፈራል» አለ በመጨረሻ፣ እንደ መለመን በሚመስል ድምፅ። «አንቺ አታውቂውም። ስንት ጉም፣ ስንት ጎርፍ አልፌያለሁ። በየኩርባው 'ፈራሁ' ብል ኖሮ እደርስ ነበር?»

ልጅቱ ይህን አልናቀችበትም። መንገድ ላይ እጁን የሚያጸናው ድፍረት እውነተኛ ድፍረት እንደሆነ፣ ማንም ሊነጥቀው እንደማይችል ነገረችው። ቀጥላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጉም ውስጥ ለምን ቀስ ብለው ይነዳሉ?»

«ስለማውቅ ነዋ።»

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

መብረቅ አሮጌው ጎማ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የሚያስፈራውን» አለ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ ሳይለመን ወጣ። ቅዳሜ ዕለት ቁልቁለቱ ላይ፣ ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ፣ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር እስከ ወለሉ ሰምጦበታል። አንዴ ረገጠ፣ ባዶ። ሁለቴ ረገጠ፣ ባዶ። በሦስተኛው ያዘለት። ከኋላው የተቀመጠች አራስ ልጅዋን እሽሩሩ እያለች ነበር፤ ምንም አላወቀችም። መናኸሪያ ሲደርስ ወርዶ ረዳቱን ስለ መስታወቱ እስኪበቃው ሰደበው፤ ማምሻውን ጋራዥ ሲገባም አለቃውን ስለ ወንበሩ ሰደበው። ስለ ፔዳሉ ግን ቃል አልወጣውም።

«ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «ንዴት ነው ብዬ ነበር። አልዋሽሽም፣ የእውነት ንዴት መስሎኝ ነበር።»

በዚህ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። ሰው እውነቱን በዕቃ ቤት ተናገረ ማለት በአደባባይ ይናገረዋል ማለት አይደለም። መብረቅ ፊቱን ጠራርጎ፣ ቃሉን እዚህ ለእሷ እንዳለው፣ እዚያ ለሾፌሮቹ ግን እንደማይለው ነገራት። ሻሹ ይታሰርበታል። ልጅቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ሻሽ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል ብላ ስትጀምር አቋረጣት።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። «ሻሹን። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያሰርኩት።»

ያሰረውም በቅርብ ጓደኛው መሪ ላይ ነበር፤ ዛሬ ትኬት ቆራጭ በሆነው፣ ያኔ ሾፌር በነበረው ሰው መሪ ላይ። ጓደኛው አንድ ጠዋት ለብቻው ጠርቶ መሪው እየተያዘ አልዞር እያለ እንደሚያስፈራው ነገረው። መብረቅ ከአንዲት ተሳፋሪ ሻሽ ለምኖ አሰረለት፤ ግቢው ሳቀ፤ ጓደኛውም አብሮ ስቆ ወጣ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ድልድይ ስቶ ተገለበጠ። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ፤ የሾፌሩ ግራ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ቀረ። ሰው ሁሉ «ዕድሉ ነው» አለ። መብረቅም አለ። ጩኸቱ የባሰበት ከዚያ ዓመት ወዲህ እንደሆነ የድሮ ሠራተኞች ያስታውሳሉ፤ ሁለቱን ነገር ያገናኘ ግን አልነበረም።

ልጅቱ ልታጽናናው አልሞከረችም። ሰዓቷን አየች።

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው አጎቴ» አለችው።

ግቢው ውስጥ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን እያስጫኑ ነበር። የጋራዡ አለቃ የስምሪት ወረቀቱን ይዞ ሰባት ቁጥር አጠገብ ቆሟል። አምስት ስድስት ሾፌሮች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ መሀላቸው ፈጣኑ የሚሉት፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ የመብረቅን ጩኸት እያስመሰለ የሚያስቃቸው ወጣት ሾፌር አለ። መብረቅ አለቃው ፊት ቆመ። አፉን ሲከፍት የወጣው የለመደው ነገር ነው።

«ይህ የተረገመ ብረት...»

አለቃው ቀና ብሎም አላየው፤ እስክሪብቶውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ምን እንደሚጽፍ ሁሉም ያውቃል።

«አትጻፍ» አለው መብረቅ። «ቆይ። አልተቆጣሁም። ፔዳሉ ቅዳሜ ወለል ነክቶብኛል። ይህን መኪና መንዳት ያስፈራኛል። ፈርቻለሁ። አሁን ጻፍ።»

መጀመሪያ የሳቀ የለም፤ ቀልድ መስሏቸው መጨረሻውን ጠበቁ። መጨረሻ እንደሌለው ሲያውቁ ግን ሳቁ ግቢውን ሞላው። ፈጣኑ እየሮጠ ሄዶ ቀዩን ሻሽ ከምስማሩ ነቅሎ መጣ። እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ አይገኝምና ደስታውን መያዝ አልቻለም። መብረቅ አልከለከለውም። ሻሹን ከእጁ ተቀበለና ወደ ትኬት መስኮቱ ዞረ። ትኬት ቆራጩ በምርኩዙ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ መብረቅ ለሁሉም እንዲሰማ። «መጀመሪያ ያሰርኩትም የእሱ መሪ ላይ ነው። ፈርቻለሁ ብሎኝ ነበር። እውነቱንም ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ትኬት ቆራጩ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በትህትናው ሁሉም ይወደዋል፤ «ምስኪን» ይሉታል። ሲናገር ድምፁ ተቆራርጦ ወጣ።

«ሃያ ሁለት ዓመት 'ዕድል ነው' እያላችሁ አጽናናችሁኝ» አለ። «ዕድል አልነበረም። ወንድሜ ነህ ብዬ ላንተ ነገርኩህ፤ አንተ ሻሽ አመጣህ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ እንድታደርግልኝ...»

«ተው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይቅርታህን ዛሬ አልቀበልም። ተቆጥቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆጥቼ ነበር፤ የተጎዳ ሰው ይዘን እንጂ አይቆጣ ስላላችሁኝ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።» ምርኩዙን ወደ አለቃው አነሣ። «አሁን መንገደኞቼን አውርድና በሌላ መኪና ጫንልኝ።»

አለቃው ተሳፋሪዎቹን ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር አዛወረ። ልጅቱ የሰባት ቁጥርን የኋላ ግራ ጎማ ፈታችና ሾፌሮቹን ጠርታ አሳየቻቸው። የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ተሰነጣጥቆ በአንዲት ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ በጣቷ ብትነካው ተበጠሰ። ከእነዚያ ሰዎች መሀል ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ፈጣኑ ቱቦውን ተቀብሎ ሲያገላብጠው ቆየ።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ የተለወጠውን ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ለወሬ ብቻ ያወራነው ይሆናል። አለቃው በየጠዋቱ እያንዳንዱን ሾፌር «ዛሬ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ እንዲጠይቅ ታዘዘ፤ ያዘዘው የበላይ ኃላፊው ነው፣ ያስገደደችው ግን ልጅቱ ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት ከጉምጉምታ በቀር መልስ አልተገኘም። በሁለተኛው አንድ አዛውንት ሾፌር ማታ ማታ ዓይኑ እንደሚያስቸግረው ተናገረ፤ ወደ ቀን ጉዞ ተዛወረ፣ መነጽርም ተገዛለት። በሦስተኛው ሁለት የተበላሸ መሪና አንድ ያለቀ ጎማ ተገኘ። መካኒኮቹ የስድብ ቁልል ሲበረብሩ የሚያጠፉትን ጊዜ ለጥገና አዋሉት። ረዳቶቹ ከጥፊ ዳኑ። የሾፌር ሚስቶችም ለውጡን ከማንም ቀድመው አወቁት፤ ባላቸው መሪው እንደሚያስፈራው ለመካኒክ ነግሮ ሲመጣ እራት ላይ የሚጮኽበት ምክንያት ያጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ያደግን ሰዎች፣ ሰው ፍርሃቱን ሲደብቅ ማጨብጨባችን ምን ዓይነት ድንቁርና ነው? ስሜት እንደ ንግግር ከቤት ይለመዳል። ወንድ ልጃችን ሲፈራ ዱላ፣ ሴት ልጃችን ስትቆጣ ውሃ የምናቀብል እኛው ነን፤ በኋላ «ተፈጥሮው ነው፣ ተፈጥሮዋ ነው» የምንልም እኛው ነን።

መብረቅ በዚያው ሳምንት እህቱ ቤት ሄደ። ገና ሲቀመጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንደ ወትሮው ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ልጅቱ ያለችው ትዝ አለውና «ተናደሽብኛል?» ብሎ ጠየቃት። እህቱ እንባዋን ጠርጋ የአምስት ወሩን ብቻ ሳይሆን የአርባ ዓመቱን ነገረችው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ከባድ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማት። ትኬት ቆራጩ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ይቅርታውን ግን እስከ ዛሬ አልሰጠውም። መብረቅም መጮኹን ጨርሶ አልተወም። የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን አይፈታም፤ ፈታሁ የሚል ካለ ይዋሻል።

ሦስት ወር ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት፣ ፈጣኑ መብረቅን ከሰባት ቁጥር ጀርባ ለብቻው ጠራው። በዚያ ቀን የመብረቅን መንገድ እንዲነዳ ተመድቧል። ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ መኪናው ምንም እንዳልሆነ፣ ልጅቱም እንዳየችው፣ ግን ያ ቁልቁለት እንደሚያስፈራው ነገረው። የመብረቅ ደም ወደ ፊቱ ወጣ። የለመደው ስድብ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ዋጠው።

«የቱ ጋ?» አለው።

«ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ፣ ጋሼ።»

«እኔንም እዚያው ጋ ነው» አለ መብረቅ።